ከጋራዥ እስከ ድራም ኤንድ ቤዝ፦ ሚስ ዳይናማይት ስልቱ ሲያልፍ እንዴት ቆየች?

በብሪታንያ የዳንስ ሙዚቃ ስልት ቶሎ ይወለዳል፣ ቶሎም ያረጃል። ጀንግል፣ ጋራዥ፣ ግራይም፣ ደብስቴፕ እየተባለ በየጥቂት ዓመቱ ስሙም ፍጥነቱም ይቀየራል፤ በአንዱ የታወቀ ድምፃዊ በሚቀጥለው ቦታ ሲያጣ ማየት የተለመደ ነው። ኒዮሚ ማክሊን-ዴሊ፣ በመድረክ ስሟ ሚስ ዳይናማይት፣ ይህ አልደረሰባትም። በ2001 በአንድ የጋራዥ ነጠላ ዜማ ብቅ ያለችው ልጅ፣ በ2014 ከዲጄ ፍሬሽ ጋር በተሠራ ዘፈን የብሪታንያ ሠንጠረዥ 3ኛ ላይ ነበረች። (እዚህ ያሉት ዓመታት፣ ወሮችና ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በሁለቱ መካከል ሽልማት የጠራረገ አልበም፣ ብዙም ያልተሰማ ሁለተኛ አልበም፣ ረዘም ያለ ዝምታ፣ ከዚያም በሌሎች ሰዎች ሥራ ላይ በእንግድነት መመለስ አለ።

ያቆያት ከሬጌ ቤት የተገኘ የሥራ ዘዴ ነው፦ ሌላ ሰው ባዘጋጀው ቅንብር ላይ፣ ፍጥነቱ ምንም ይሁን ምን፣ ቃልን ከምት ጋር ማስማማት። ዘዴው ሲገባን የሙያ ሕይወቷ መውጣትና መውረድም ግልጽ ይሆናል። ከዚያ የሚቀረው የገንዘቡ ጉዳይ ነው፤ በዳንስ ሙዚቃ ውስጥ ድምፃውያንን ከማንም በላይ የሚጎዳው እሱ ስለሆነ በመጨረሻ ሰፋ አድርገን እናየዋለን።

ዘዴው የመጣው ከሳውንድ ሲስተም ነው። ሳውንድ ሲስተም ማለት ቁመታቸው ከሰው የሚበልጥ ስፒከሮች፣ ብርቱ አምፕሊፋየሮች፣ የሸክላ ማጫወቻ፣ የኢኮ መሣሪያና ማይክ ይዞ ከአዳራሽ አዳራሽ፣ ከመንገድ መንገድ የሚዞር የጭፈራ ቤት ነው። አንዱ ሰው ሸክላ ይመርጣል፣ ሌላው ማይክ ይይዛል። ጃማይካውያን ዲጄ የሚሉት ይህን ማይክ የያዘውን ነው። የጃማይካ ነጠላ ዜማ በጀርባው ድምፅ የወጣለት ቅንብር ብቻ ይዞ መታተም ከጀመረ በኋላ፣ ማይክ የያዘው ሰው በባዶው ቅንብር ላይ ግጥሙን በዜማና በንግግር መካከል ባለ አነጋገር ያወርዳል። አንድ ቅንብር ለብዙ ድምፃውያን ያገለግላል፤ ስለዚህ ቅንብሩ የእኔ ነው ብሎ የሚጠብቅ የለም። ድምፃዊው ራሱ ሄዶ ይገጥመዋል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከካሪቢያን ወደ እንግሊዝ የፈለሱ ሰዎች ይህን ልማድ ይዘውት መጡ፤ የኖቲንግ ሂል ካርኒቫል እስከ ዛሬ በየዓመቱ ነሐሴ ያሳየዋል። በደቡብ ምሥራቅ ለንደን፣ ሉዊሻም የተነሣው ሳክሰን የተባለ ሳውንድ ሲስተም በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቃላትን እጅግ አፍጥኖ የመደርደር ስልት አሳደገ። ከዚያ ቤት የወጣው ፓፓ ሊቫይ በ1984 በራሷ በጃማይካ 1ኛ ሲሆን፣ ስማይሊ ካልቸር በብሪታንያ ሠንጠረዥ 12ኛ ደረሰ። ለሴቶች መንገዱ ጠበብ ያለ ነበር። ለስላሳ የፍቅር ሬጌ ለሚዘፍኑት በሩ ተከፍቷል፤ ጃኔት ኬይ በ1979 2ኛ ድረስ ወጥታለች። ማይክ ይዘው ግጥም የሚያወርዱት ግን እንደ ራንኪንግ አን ያሉ ጥቂቶች ነበሩ። ሚስ ዳይናማይት ሁለቱንም ትችላለች። መግቢያውን በራጋ፣ ማለትም በዚያው የማይክ አነጋገር፣ አውርዳ አዝማቹን በዜማ ትዘጋለች፣ በአንድ ትንፋሽ ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ታልፋለች። በ1981 በሰሜን ለንደን የተወለደችው ከጃማይካዊ አባትና ከስኮትላንዳዊት እናት ነው። አካላ በሚል ስም የሚታወቀው ራፐርና ጸሐፊ ወንድሟ ነው።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ሬጌን በአብዛኛው የሚያውቀው በራስ ተፈሪያን፣ በሻሸመኔና በቦብ ማርሌ በኩል ነው። እዚህ የምንናገርለት ከዚያው ግንድ የወጣ ሌላ ቅርንጫፍ ነው፦ ዳንስሆል፣ ማለትም አዳራሹን ለማስጨፈር የተሠራው ፈጣኑ ወገን። አዲስ አበባ ውስጥ ራጋ ሲባል የምንሰማው አወራረድ ከዚሁ የመጣ ነው።

አሁን ወደ ፍጥነት እንግባ። የሙዚቃ ፍጥነት የሚለካው በደቂቃ ስንት ምት እንዳለ በመቁጠር ነው። ዳንስሆል ብዙ ጊዜ ከ90 እስከ 105 ይሄዳል። ጋራዥ 130 አካባቢ ነው፣ ደብስቴፕ 140፣ ድራም ኤንድ ቤዝ ደግሞ 174 አካባቢ። አራት ምት አንድ ባር ይባላል፤ የተለመደው የአንድ ግጥም ርዝመት 16 ባር ነው። በ130 ፍጥነት 16 ባር 29 ሰከንድ ተኩል ገደማ ይፈጃል፣ በ174 ግን 22 ሰከንድ ብቻ። ለጋራዥ የተጻፈ ግጥም ሳይነካ ወደ ድራም ኤንድ ቤዝ ቢወሰድ፣ ድምፃዊዋ ያንኑ ቃል በሩብ ባነሰ ጊዜ መጨረስ አለባት። ብዙዎች የሚወድቁት እዚህ ነው፤ ትንፋሽ ያልቃል፣ ተነባቢዎቹ ይዋጣሉ፣ አድማጩ ጩኸት እንጂ ቃል አይሰማም።

ከሳውንድ ሲስተም የመጣ ሰው የሚያደርገው ሌላ ነው። 174ን ለሁለት ከፍለው፤ 87 ይሆናል፣ ያ ደግሞ ለዳንስሆል የቀረበ ፍጥነት ነው። ከበሮው በ174 ሲሮጥ ድምፁ በ87 ይራመዳል። አድማጩ እግሩን በየትኛው እንደሚያነሣ ራሱ ይመርጣል፣ ሁለቱም ይስማማል። በ1994 ጄኔራል ሌቪና ኤም-ቢት ጀንግልን ሠንጠረዡ 8ኛ ድረስ ያወጡት በዚሁ ስሌት ነበር። ጋራዥ ላይ ግን ይህ አይሠራም። የ130 ግማሽ 65 ነው፤ ለራጋ በጣም ይዘገያል። ስለዚህ ጋራዥ ላይ ድምፃዊዋ በሙሉው ቆጥራ እያንዳንዱን ምት ለሁለት ወይም ለሦስት ቃል ትሰነጥቀዋለች። ሚስ ዳይናማይት ሁለቱንም ስሌት ማወቋ ነው ከስልት ስልት ያሻገራት፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሄድ የድምፅዋን ቀለም መቀየር አላስፈለጋትም።

ይህ በግልጽ የተሰማው በ2001፣ ስቲኪ የተባለው አቀናባሪ «ቡ!» የተሰኘውን ሥራ ሲያወጣና እሷ ስትገባበት ነው። ሠንጠረዡ ላይ 12ኛ ደረሰ። ቅንብሩ ቱ-ስቴፕ ከሚባለው የጋራዥ ዓይነት ነው። በሀውስ ሙዚቃ ትልቁ ከበሮ በአራቱም ምት ላይ ይመታል፤ በቱ-ስቴፕ ከአራቱ የተወሰኑት ይነሣሉና ሙዚቃው የሚያነክስ፣ የሚዘል ይመስላል። ከበሮ የተነሣበት ቦታ ባዶ ነው፣ የድምፃዊዋም ቦታ እሱ ነው። ተነባቢዋን እዚያ ክፍተት ውስጥ ስታስቀምጥ ድምፅዋ ራሱ ከበሮ ይሆናል። ከበሮው ላይ ብታስቀምጠው ግን ሁለቱ ተጋጭተው ሁለቱም ይደክማሉ። ጋራዥን የሚያበላሹ ድምፃውያን አብዛኞቹ ስህተታቸው ይኸው ነው፤ ክፍተቱን ትተው ምቱን ያሳድዳሉ።

የዚህ ትምህርት ቤቱ ሕገ ወጥ ሬዲዮ ነበር። ከረጃጅም የመኖሪያ ሕንፃዎች ጣሪያ ላይ ማሠራጫ ተክለው ያለ ፈቃድ የሚያስተላልፉ ጣቢያዎች የጋራዥ ዋና መድረክ ነበሩ። ሚስ ዳይናማይት የተቀላቀለችው ሶ ሶሊድ ክሩ የተባለው ቡድንም ዲላይት ኤፍኤም የሚባል ጣቢያ ነበረው። በእንዲህ ያለ ፕሮግራም ማይክ የያዘ ሰው የሚማረው መጀመሪያ ዝም ማለትን ነው። ዲጄው፣ እዚህ በተለመደው ትርጉሙ ሸክላ የሚያጫውተው ሰው፣ ሁለት ሸክላ ሲያዋህድ 16 ወይም 32 ባር ይወስዳል፤ ያኔ ረጅም ግጥም መክፈት ውህደቱን ያበላሻል። ሸክላው ራሱ ዘፋኝ ካለበት በላዩ አይወራም። ግጥሙ የሚያልቀው ደግሞ ቤዙ ተመልሶ በሚወድቅበት ምት ላይ ልክ መሆን አለበት፤ አንድ ምት ቢያልፍ አዳራሹ ይቀዘቅዛል። ልክ ሲሆን ሕዝቡ ይጮሃል፣ ዲጄውም ሸክላውን ወደ ኋላ መልሶ ከመጀመሪያው ያስነሣዋል። ለማይክ ሰው ከዚህ የበለጠ ምስክርነት የለም።

ስቱዲዮ ውስጥ ችግሩ ይለወጣል። የሴት የንግግር ድምፅ መሠረት በአማካይ ከ165 እስከ 255 ኸርዝ ነው፤ የዳንስ ሙዚቃ ቤዝ ከ40 እስከ 100 ኸርዝ ይኖራል። ስለዚህ ከታች ብዙ ጠብ የለም፤ ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን የማይክ ጉርምርምታ ቆርጦ መጣል ይበቃል። ጠቡ ከላይ ነው። ቃልን ቃል የሚያደርጉት ተነባቢዎች ከ2 እስከ 5 ኪሎኸርዝ አካባቢ ይገኛሉ፣ ስኔር የሚባለው ከበሮም ሃይ-ሃት የሚባሉት ጥንድ ጸናጽሎችም እዚያው ይጮሃሉ። ያልለመደ ሰው ድምፁ አልሰማ ሲለው ከፍ ያደርገዋል፤ ያኔ ጆሮ ይጎዳል፣ ቃሉ ግን አሁንም አይለይም። የሚሻለው ድምፃዊዋ በምትናገርበት ቅጽበት ብቻ ሃይ-ሃቱን ትንሽ ዝቅ ማድረግ ነው።

ከሬጌ የመጣው ኢኮም ልክ አለው። በ130 ፍጥነት አንድ ምት 461 ሚሊሰከንድ ነው፤ የዱብ፣ ማለትም በኢኮ የተሞላው የሬጌ ቅንብር፣ ስሜት የሚሰጠው የሦስት አራተኛ ምት ኢኮ 346 ላይ ይቀመጣል። በ174 አንድ ምት 345 ሚሊሰከንድ ስለሆነ፣ የጋራዡ ኢኮ ሳይቀየር ድራም ኤንድ ቤዝ ላይ ሲገባ አሁንም በምት ላይ ይወድቃል፤ የተዛነፈ ባህሪውን ግን ያጣል። ኢኮ በየቃሉ ላይ አይለቀቅም፣ በመስመሩ የመጨረሻ ቃል ላይ ብቻ ነው። በመድረክ ላይ ደግሞ የተለመደው ጥፋት የማይኩን ራስ በመዳፍ መሸፈን ነው። ያማረ መያዣ ቢመስልም፣ ማይኩ ከጎንና ከኋላ የሚመጣን ድምፅ የሚከላከልበትን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ድምፁ ይታፈናል፣ ስፒከሩም ያፏጫል።

ከ«ቡ!» በኋላ ፖሊዶር የተባለው የሙዚቃ ኩባንያ አስፈረማት፤ የመጀመሪያ አልበሟ «ኤ ሊትል ዲፐር» በ2002 ወጣ። እዚህ ጋራዡን ብዙም አልያዘችም። እንደ ሳላም ረሚና የስዊድኖቹ ብላድሻይ እና አቫንት ካሉ አቀናባሪዎች ጋር ወደ ሂፕሆፕ፣ አርኤንድቢና ሬጌ አዘነበለች። «ኢት ቴክስ ሞር» 7ኛ፣ «ዳይናሚቲ» 5ኛ ደረሱ። በዚያው ዓመት መስከረም፣ ዴቪድ ቦዊና ዘ ስትሪትስ በታጩበት ውድድር ለዓመቱ ምርጥ አልበም የሚሰጠውን የሜርኩሪን ሽልማት ወሰደች፤ በራሷ ስም የምትሠራ ጥቁር ሴት ስታሸንፍ የመጀመሪያዋ ናት። ለጥቁር ሙዚቃ የሚሰጡ ሦስት የሞቦ ሽልማቶች ተከተሉ፣ በ2003 ደግሞ ሁለት የብሪት ሽልማቶች። የካቲት 15 ቀን 2003 በሃይድ ፓርክ የኢራቅን ጦርነት በመቃወም በተደረገው ታላቅ ሰልፍ ላይም ወጥታ አቀንቅናለች። ማይክ የያዘ ሰው ስለ ዘመኑ ጉዳይ ይናገራል የሚለው የሳውንድ ሲስተም ደንብ ነው፤ ከእሷም የሚጠበቅ ነበር።

በዚያው ዓመት ልጅ ወለደች። ሁለተኛው አልበም በ2005 መጨረሻ ሲወጣ ከሠንጠረዡ የመጀመሪያዎቹ 40 ውስጥ አልገባም። የአልበም ሥራ ያለው አደጋ ይህ ነው፤ የሁለት ሦስት ዓመት ድካም በአንድ ሳምንት ቁጥር ይመዘናል፣ ካልቀና ደግሞ ኩባንያው ፊቱን ያዞራል። ለዳንስ ድምፃውያን መደገፊያ የነበረው የክለብ መድረክም እየጠበበ ነበር። ከ2005 ጀምሮ የለንደን ፖሊስ ቅጽ 696 የሚባል የሥጋት መገምገሚያ ሰነድ አወጣ፤ በመጀመሪያ ይዘቱ አዘጋጆች የሙዚቃውን ዓይነትና የታዳሚውን ዘር እንዲሞሉ ይጠይቅ ነበር። ጋራዥ፣ ግራይምና ዳንስሆል የሚያቀርቡ ምሽቶች በዚህ ተጎድተዋል፤ ቅጹ የተሰረዘው በ2017 ነው። ያለ በቂ ምክንያት የአንድ ሙዚቃ ሙሉ ትውልድ መድረክ እንዲያጣ ያደረገ አሠራር ነበር ማለት ይቻላል።

መመለሷ በ2010 ነው፣ በራሷ አልበም ሳይሆን በሌሎች ቅንብር ላይ። ከዚንክ ጋር «ዋይል አውት»ን፣ ከዲጄ ፍሬሽ ጋር ድራም ኤንድ ቤዝ፣ ከማግኔቲክ ማን ጋር ደብስቴፕ ሠራች። ከድምፃዊት ኬቲ ቢ ጋር የሠራችው «ላይትስ ኦን» 4ኛ ደረሰ። ኬቲ ቢን ያሳደገው ሪንስ ኤፍኤም ከ1994 ጀምሮ በሕገ ወጥነት ያስተላለፈ ጣቢያ ነበር፤ ሕጋዊ ፈቃድ ያገኘውም በዚያው 2010 ነው። የጋራዥን ማይክ ያሠለጠነው ዓለም ሕጋዊ ሆኖ ሲወጣ፣ ከዚያ የወጣች ድምፃዊት የሚፈልግ አቀናባሪ በብዛት ተገኘ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት አራት የተለያየ ፍጥነት ላይ መሥራት ለእሷ አዲስ ነገር አልነበረም። በ2013 ከሻይ ኤፍኤክስ ጋር፣ በ2014 እንደገና ከዲጄ ፍሬሽ ጋር ቀጠለች፤ በ2018 ለሙዚቃ ባበረከተችው አገልግሎት ኤምቢኢ የተባለው የብሪታንያ የክብር ኒሻን ተሰጣት።

አሁን ገንዘቡ። በሌላ ሰው ሥራ ላይ ፊቸር መግባት ፈጣንና ቀላል ነው፤ ገንዘቡ የሚፈስባቸው መስመሮች ግን ሦስት ናቸው፣ አንዱ ሲረሳ ማንም ደውሎ አያስታውስም። የመጀመሪያው ኮንትራቱ ነው፦ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ዋጋ፣ ወይም ከሽያጩ መቶኛ፣ ወይም ሁለቱም። ሁለተኛው የደራሲነት ድርሻ ነው። ግጥሙንና ዜማውን ራሷ የጻፈች ድምፃዊት የዘፈኑ ደራሲ ናት፤ ፒአርኤስ የተባለው የብሪታንያ ማኅበር ዘፈኑ በሬዲዮም በክለብም በተሰማ ቁጥር የደራሲዎችን ክፍያ ይሰበስባል። ድርሻው ስንት ነው የሚለው በሕግ የተወሰነ አይደለም፣ ስምምነት ነው። ስለዚህ ከስቱዲዮ ከመውጣት በፊት የሁሉም ስምና መቶኛ ድምሩ 100 ሆኖ በአንድ ወረቀት ላይ መፈረም አለበት። ዘፈኑ ከታወቀ በኋላ የሚደረግ ድርድር ጠብ ነው።

ሦስተኛው የተጫዋችነት ድርሻ ነው፣ በእኛ ሕግ ተዛማጅ መብት የሚባለው። ፒፒኤል የሚባለው የብሪታንያ ድርጅት ቅጂው በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥን፣ በክለብና በሱቅ ሲሰማ ይሰበስባል፤ ግማሹን ለቅጂው ባለቤት፣ ግማሹን ለተጫዋቾቹ ያከፋፍላል። ከ1996 ጀምሮ ይህ ድርሻ በብሪታንያ ሕግ የተጠበቀ ነው፤ ድምፃዊዋ በኮንትራት ሁሉን ሸጫለሁ ብላ ብትፈርም እንኳ ለኩባንያው አይተላለፍም። ፒፒኤል ውስጥ መመዝገብ ነፃ ነው፤ ለንደን ሆኖ ለገበያ በወጣ ቅጂ ላይ ድምፁ ያለ አማርኛ ዘፋኝም መመዝገብ ይችላል።

የሚበላሸው ምዝገባው ላይ ነው። እያንዳንዱ ቅጂ አይኤስአርሲ የሚባል ባለ 12 ምልክት መለያ አለው። የሬዲዮው አጭር ቅጂ፣ የክለቡ ረጅም ቅጂና እያንዳንዱ ሪሚክስ የየራሳቸው መለያ ይኖራቸዋል። የድምፃዊዋ ስም በመጀመሪያው ላይ ተመዝግቦ በሪሚክሱ ላይ ቢዘለል፣ ክለቦች የሚያጫውቱት ሪሚክሱ ከሆነ ገንዘቡ ለእሷ አይደርስም። በዳንስ ሙዚቃ ውስጥ ከዋናው ይልቅ ሪሚክሱ መግነኑ የተለመደ ስለሆነ ይህ ትንሽ ስህተት አይደለም። ስምን ከመጀመሪያው ማጥፋትም ታይቷል፦ በ1989 በብሪታንያ ከሁሉ በላይ በተሸጠው «ራይድ ኦን ታይም» የተሰማው የሎሊያታ ሆሎዌይ ድምፅ ነበር፣ በክሊፑ ከንፈሯን ታንቀሳቅስ የነበረችው ግን ሞዴል ናት። ዛሬ ስምን በግልጽ ከዘፈኑ ርዕስ አጠገብ ማስጻፍ ለክብር ብቻ አይደለም፤ በክፍያው ዋና ተጫዋች ተብሎ መመዝገብ ከአጃቢ ድምፅ የተሻለ ድርሻ ያስገኛል።

ይህ የ1996 ጥበቃ ግን አድማጩ ራሱ መርጦ በኢንተርኔት የሚያዳምጠውን አይሸፍንም። ስትሪሚንግ ላይ ድምፃዊዋ የምታገኘው ኮንትራቷ የሚለውን ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ተከፍሏት በሽያጭ መቶኛ ያልተዋዋለች ከሆነ፣ ዘፈኑ መቶ ሚሊዮን ጊዜ ቢደመጥ በተጫዋችነቷ አንድ ሳንቲም ላታይ ትችላለች፤ የሚቀራት የደራሲነት ድርሻው ነው፣ እሱንም ካስመዘገበችው። ስለዚህ ኮንትራቱ ላይ ስትሪሚንግ በስሙ ተጠቅሶ መቶኛው ይጻፍ፣ ሂሳቡ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚቀርብ ይወሰን። ያለ ቅንብር የተቀዳው ባዶ ድምፅ፣ አካፔላ የሚሉት፣ ለማን እንደሚሰጥና ከእሱ የሚወጣ ሪሚክስ ሁሉ የድምፃዊዋን ስም ይዞ እንዲመዘገብም ለብቻው አንቀጽ ያስፈልገዋል።